ለስላሳ ፔዳል፣ ድርቅ ያለ ፔዳል፦ ለፈጣን የመንገድ መኪና የፍሬን ዘይትና ሸራ አመራረጥ

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ፍሬን ነው። በተለይ ፈጠን ብላ እንድትሄድ ተደርጋ ስለተሠራች፣ በሥራ ቀን ግን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ ቢሮ ደጃፍ ስለምትቆም መኪና ፍሬን። ጎልፍ ጂቲአይ፣ ቶዮታ ጂአር 86 ወይም ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ ያላችሁ ቀረብ በሉ። በኮሮላ የዓባይ በረሃን የምትወርዱም አትራቁ፤ ከምነግራችሁ አብዛኛው ለእናንተም ይሆናል።

ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ አድማጮቻችን ፓይክስ ፒክን ታውቁታላችሁ። ኮሎራዶ ውስጥ ያለው ይህ ተራራ ጫፉ 4,302 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሽን ጥቂት ዝቅ ይላል። እስከ ጫፉ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ አለው። ስትወርዱ ግሌን ኮቭ የሚባል ቦታ ላይ ጠባቂዎች ያስቆሟችሁና፣ ሳይነካ ሙቀት በሚያነብ መሣሪያ የፍሬናችሁን ሙቀት ይለካሉ። ከ300 ዲግሪ ፋራናይት ካለፈ፣ ማለትም በእኛ ቁጥር ከ150 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከበለጠ፣ ዳር ይዛችሁ እስኪቀዘቅዝ ትጠብቃላችሁ። ዲስኩ 150 ደረሰ ማለት ዘይቱም 150 ደረሰ ማለት አይደለም፤ ዘይቱ ገና ብዙ ይቀረዋል። ጠባቂዎቹ የሚፈልጉት ሹፌሩ ፍሬኑን አለመጠን እየተጠቀመ መሆኑን ቀድመው ማወቅ ነው፤ ገና ብዙ ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ከፊቱ አለና።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል? ሹፌሯን ጨምራ 1,350 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና፣ ጂአር 86 ለምሳሌ ከዚህ ብዙም አትርቅም፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትበር የያዘችው ጉልበት 520 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። 140 ላይ ስትደርስ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነውና። ቁልቁለት ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለው። ይህችው መኪና ከጎሐ ጽዮን ተነስታ ዓባይ ድልድይ እስክትደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለች። 1,000 ብቻ ብለን ብናሰላው እንኳ ከ13,000 ኪሎ ጁል ይበልጣል፤ ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 25 ጊዜ አከታትሎ ማቆም ማለት ነው። ከዚያ ላይ ነፋሱና ሞተሩ የድርሻቸውን ይወስዳሉ። በከባድ ማርሽ ከወረዳችሁ ሞተሩ ብዙ ያግዛችኋል፤ በቀላል ማርሽ ወይም በፍሪ ከለቀቃችኋት ግን ቀሪው ሁሉ ዲስክና ሸራ ላይ ያርፋል። ከማንኛውም ውድ ዕቃ በፊት የሚመጣው እንግዲህ ማርሹ ነው። እሱን ጠንቅቃችሁ ታውቃላችሁ ብዬ ልለፍ።

ፍሬን በሙቀት የሚደክመው በሁለት መንገድ ነው። የሁለቱን ልዩነት የማያውቅ ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ ይገዛል።

አንደኛው በሸራው በኩል ነው። ሸራ የብዙ ነገር ድብልቅ ነው፤ የብረት ብናኝ፣ ቃጫ፣ ግራፋይት የመሳሰሉት አሉበት። ሁሉንም አንድ ላይ የያዛቸው ሙጫ ነው። ሸራው ከተሠራለት ሙቀት ሲያልፍ ሙጫው መቃጠል ይጀምራል፣ ጋዝ ይወጣዋል፣ ፍትጊያው ይወርዳል። ሹፌሩ የሚሰማው ምንድን ነው? ፔዳሉ ድርቅ ብሎ ከቦታው አለ፤ እግሩ ሙሉ ኃይሉን ይሰጣል፤ መኪናዋ ግን አትይዝም። የሚከረፋ የቃጠሎ ሽታም ይመጣል።

ሁለተኛው በዘይቱ በኩል ነው። ሙቀቱ ከዲስክ ወደ ሸራ፣ ከሸራ ወደ ካሊፐሩ ፒስተን፣ ከፒስተኑ ወደ ዘይቱ ይደርሳል። ዘይቱ ሲፈላ የእንፋሎት አረፋ ይሠራል። ፈሳሽ አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ የእግራችሁ ኃይል አረፋ በመጨፍለቅ ያልቃል። ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ ይረዝማል፣ አንዳንዴም እስከ ወለሉ ይወርዳል። “ፍሬን በጠሰ” ከምንላቸው አደጋዎች በአንዳንዶቹ የበጠሰ ምንም ነገር የለም። መኪናዋ ከቀዘቀዘች በኋላ መርማሪ ቢፈትሻት እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ሆኗል፣ ፍሬኑም ይሠራል።

በአጭሩ ድርቅ ያለ ፔዳል ሸራውን ያመለክታል፤ ለስላሳ ፔዳል ዘይቱን። መኪናዋ ቀዝቅዛ ቆማ ሳለችም ፔዳሉ ለስላሳ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አየር ገብቷል፣ ወይም የሆነ ቦታ ይፈሳል፣ ወይም ማስተር ሲሊንደሩ ደክሟል። እሱ ማሻሻያ አይጠብቅም፤ ቀጥታ ወደ ጋራዥ ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። ብዙ ሰው ከሸራ ይጀምራል፤ ሸራ ባሸበረቀ ካርቶን ይመጣል፣ በቸርኬው ክፍተት አጮልቆ ይታያል፣ ለጓደኛም ይወራለታል። ዘይት ማን ያየዋል? እኔ ግን ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ሰው ቢያማክረኝ፣ ሸራው ካላለቀ በቀር፣ ዘይቱን ቀይር ነው የምለው።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት የፍሬን ዘይት ደረጃዎች ሦስቱም ከግላይኮል ወገን የሚሠሩ ናቸው፤ ባሕርያቸውም እርጥበት መሳብ ነው። ሁሉ ነገር የተከደነ ቢመስልም፣ በማጠራቀሚያው መተንፈሻና በጎማ ቱቦዎቹ ግድግዳ በኩል የአየሩ እርጥበት ቀስ እያለ ይገባል። ለዚህ ነው አምራቾች ሁለት ቁጥር የሚሰጡት። ደረቁ የሚባለው ዛሬ ከታሸገበት የተከፈተ ዘይት የሚፈላበት ሙቀት ነው። እርጥቡ የሚባለው 3.7 ከመቶ ያህል ውሃ ከገባበት በኋላ የሚፈላበት ነው። እስክሪብቶ የያዛችሁ ጻፉ፤ በሴልሺየስ ነው፣ ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛው ነው። ዶት 3፣ ደረቁ 205፣ እርጥቡ 140። ዶት 4፣ ደረቁ 230፣ እርጥቡ 155። ዶት 5.1፣ ደረቁ 260፣ እርጥቡ 180።

እነዚህን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። የደረጃው ዝቅተኛ ላይ ያለ ያረጀ ዶት 5.1 በ180 ዲግሪ ይፈላል፤ ዛሬ የተከፈተው ተራው ዶት 3 ግን 205ን ይችላል። ውድ ዘይት ገዝቶ አራት ዓመት የሚረሳ ሰው፣ ርካሹን በየጊዜው ከሚቀይረው ሰው ያነሰ ፍሬን ይዞ ነው የሚሄደው። አብዛኞቹ የመኪና አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ የሚሉት ለዚህ ነው። ፈጠን ብላችሁ የምትነዱ ከሆነ በየዓመቱ አድርጉት፤ የዘይት ዋጋ ከሸራ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ጣሳው ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ወለል የአየር ግፊት ተስተካክሎ የተጻፈ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ሁሉ፣ የፍሬን ዘይትም በከፍታ ቦታ ከተጻፈለት ቀደም ብሎ ይፈላል። ደግሞም ፔዳሉን በረገጣችሁበት ቅጽበት ቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከፍተኛ ስለሆነ ዘይቱ በቀላሉ አይፈላም፤ እግራችሁን ስታነሱ ግፊቱ ይወርዳል፣ አረፋው ያኔ ይወለዳል። ስለዚህ ፍሬኑ ሲይዝላችሁ ቆይቶ ቀጣዩ ረገጣ ላይ ነው ጉድ የሚሠራው። ቁልቁለት ወርዳችሁ ፎቶ ለማንሳት ስትቆሙም እንዲሁ፤ ነፋስ ማቀዝቀዙን ያቆማል፣ በዲስኩ የተከማቸው ሙቀት ወደ ካሊፐሩ ይገባል። ከእንዲህ ዓይነት ዕረፍት በኋላ ማርሽ ከማስገባታችሁ በፊት ፔዳሉን ረገጥ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ወደ ውድድር ዘይቶቹ እንሂድ። ሞቱል አርቢኤፍ 600 የሚባለውን አምራቹ ደረቁን 312፣ እርጥቡን 205 ብሎታል። ታላቅ ወንድሙ አርቢኤፍ 660 ደረቁ 325 ነው፣ እርጥቡ ግን 204። በከፈላችሁት ጭማሪ 13 ዲግሪ በደረቁ አገኛችሁ፤ በእርጥቡ ምንም። በየውድድሩ ዘይት የሚያስቀይር ሰው ደረቁን ይይ፤ ዓመት ሙሉ በመንገድ የምትነዱ የምትኖሩት እርጥቡ ላይ ነውና ዓይናችሁ እዚያ ይሁን። በዚህ በኩል ካስትሮል ኤስአርኤፍ ለብቻው ይቆማል፤ አምራቹ እርጥቡን 270 ይለዋል። ዋጋው ግን ለቅዳሜ ሽርሽር የሚገዛ አይደለም።

የሚፈላበት ሙቀት ብቻ አይደለም የሚታየው። ኤቢኤስና ኢኤስፒ ያላቸው መኪኖች በሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ ቫልቮች አሏቸው፤ ዘይቱ በብርድ ከወፈረ ሥራቸው ይዘገያል። ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ሲለካ፣ ዶት 5.1 ከዶት 4 በግማሽ የቀጠነ መሆን አለበት። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች መመሪያቸው ቀጭኑን ዶት 4 በተለይ ይጠይቃል። አውሮፓና ኮሎራዶ በረዶ ላይ የምትነዱ፣ የውድድር ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት መመሪያውን ክፈቱ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ብዙም አያሳስብም።

ዶት 5 እና ዶት 5.1 ስማቸው ይቀራረባል፣ ነገራቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ኤቢኤስ ላለው መኪናም አይሆንም። በአሜሪካ ደንብ ቀለሙ ሐምራዊ እንዲሆን የተደረገው እንዳይምታታ ነው። የቀለም ነገር ከተነሳ፣ አቴ የሚባለው የጀርመን ኩባንያ ሱፐር ብሉ ሬሲንግ የሚል ሰማያዊ ዘይት ነበረው፤ በተለይ መካኒኮች ይወዱት ነበር። አንዱን ጊዜ ሰማያዊ፣ ቀጣዩን ጊዜ ቢጫማውን ካደረጋችሁ አሮጌው ተጠርጎ መውጣቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የአሜሪካው ደንብ ግን እነ ዶት 4 ቀለም አልባ ከመሆን እስከ ወርቃማ ብቻ እንዲሆኑ ይፈቅዳልና ሰማያዊው እዚያ ገበያ ላይ አልቆየም። ሙያተኛ የወደደውን ነገር ደንብ የነጠቀበት ጊዜ ብርቅ አይደለም፤ ይኼኛው ግን እኔንም ያሳዝነኛል።

ስለ መቀየሩ ሁለት ቃል። የሞተር ዘይትም ሆነ የመሪ ዘይት በስህተት ከገባ ማሸጊያ ጎማዎቹን ያሳብጣል፤ ያኔ ወጪው የጣሳ ዋጋ አይደለም። የተከፈተ ጣሳ ለከርሞ አይቀመጥም። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውሃ እጠቡት፣ ይልጠዋል። አየር ሲወጣ ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። አንዳንድ መኪና ላይ የኤቢኤሱን ፓምፕ በኮምፒዩተር ካላዘዙት አሮጌው ዘይት ውስጡ ይቀራል፤ ጋራዡ መሣሪያው እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ።

ወደ ሸራ እንለፍ። መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ተስፋ ላንሳ። መኪናችሁ ዛሬ ባለው ሸራ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ ጠንክራችሁ ስትረግጡ ኤቢኤሷ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ የበለጠ የሚነክስ ሸራ ያንን አንድ ማቆም አያሳጥረውም። ገደቡ ጎማው ነው። የተሻለ ሸራ የሚሰጣችሁ አምስተኛውና አሥረኛው ማቆም እንደ መጀመሪያው እንዲሆን ነው፤ የፔዳሉ ስሜትም ይሻላል። ገንዘቡን ጥሩ ጎማ ላይ ማዋል የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ ትልቁን የሙቀት ቁጥር ተከትላችሁ አትግዙ። እውነተኛ የውድድር ሸራ መልካም የሚሠራው ሞቆ ነው። ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ሕፃን ቢገባባችሁ፣ ያ ቀዝቃዛ ሸራ ፋብሪካ ከሰጣችሁ ያነሰ ሊይዝ ይችላል። ይጮሃል፣ ዲስክ ይበላል፣ ብናኙ ቸርኬ ላይ ይጣበቃል። በመካከል ያለው ለፈጣን መንገድ የሚባለው ዓይነት ነው። ለምሳሌ ፌሮዶ ዲኤስ2500ን አምራቹ ከ20 እስከ 500 ዲግሪ ይሠራል ይለዋል፤ ከ20 መጀመሩ ነው ለእኛ ትልቁ ነገር። የታችኛውን ቁጥር ያልጻፈ ሻጭ ቢያጋጥማችሁ፣ የላይኛው ምንም ያህል ቢያስደንቅ ጠይቁት።

ሸራው ላይ ራሱ የሚነበብ ነገርም አለ። በጠርዙ ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ታትመው ታገኛላችሁ፤ የፍትጊያ መጠኑን ይነግራሉ። ኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ እስከ 0.45፣ ጂ እስከ 0.55። የመጀመሪያው ፊደል ለብ ባለበት፣ ሁለተኛው በጋለበት ጊዜ ነው። ኤፍ ኤፍ ካለ ሲግልም አልወረደም። ኤፍ ኢ ካለ ሲግል ይወርዳል፤ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው አልመክረውም። ፊደላቱ ስለ ጩኸቱም ስለ ዕድሜውም አይናገሩም፤ የተለኩትም በቤተ ሙከራ በትንሽ ቁራጭ ነው።

በአውሮፓ የሚሸጠው ላይ ደግሞ በክብ ውስጥ ኢ እና የአገር ቁጥር፣ አጠገቡም 90 አር የሚል ታገኛላችሁ። ይህ ማለት ሸራው ከመኪናው ኦሪጅናል ሸራ አሠራር በ15 ከመቶ ክልል ውስጥ ነው ማለት ነው። በጀርመን ለመንገድ ያልጸደቀ ሸራ መግጠም መኪናዋን የመንገድ ፈቃዷን ሊያሳጣት ይችላል። ኑርቡርግሪንግ የሚባለው የውድድር ሜዳ ሄዳችሁ የ20.8 ኪሎ ሜትሩን ዙር በራሳችሁ መኪና የምትሞክሩ አድማጮች ይህንን አስቡበት፤ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ሰዓት ቦታው በሕጉ ዓይን የክፍያ መንገድ ነው። ሶማሌ ተራ ለሚገዛ ሰውም ምልክቱ ይጠቅማል። ፊደልም ቁጥርም የሌለበት፣ የጀርባው ብረት ጠርዙ ያልተስተካከለ ሸራ ካርቶኑ የፈለገውን ስም ቢይዝ እንኳ ተዉት።

ከፊት ብቻ መጠነኛ ማሻሻያ ማድረግ ይቻላል፤ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ከኋላ ብቻ ጠንካራ ሸራ መግጠም ግን አደገኛ ነው፤ የኋላ ጎማ ቀድሞ ከያዘ መኪናዋ ትዞራለች። ሁልጊዜም የአንድ አክስል ግራና ቀኝ አብሮ ይቀየራል። ቀዳዳ ያላቸው ዲስኮች ያምራሉ፣ በሙቀት ግን ከቀዳዳው ይሰነጠቃሉ፤ ለመንገድ መኪና ቀዳዳ የሌለው፣ መሀሉ አየር የሚያስገባ ዲስክ ይበቃል። ዲስኩ ላይ የተቀረጸውን ዝቅተኛ ውፍረት ለኩ። በሽቦ የተሸፈነ ቱቦ ፔዳሉን ጠንከር ያደርጋል፣ ሙቀት ላይ ግን ለውጥ የለውም። አሮጌውን ሸራ ስታወጡ ብናኙን በአፍም በአየር ግፊትም አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። በአሮጌ መኪኖች ላይ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል።

የቀረው ማለማመዱ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሉት። አዲስ ሸራ ከራሱ ስስ ሽፋን በዲስኩ ላይ እኩል እስኪቀባ ድረስ ሙሉ አቅሙን አይሰጥም፤ ሙጫውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲግል ጋዝ ያወጣል። አምራቹ የራሱ መመሪያ ካለው እሱን ተከተሉ። ከሌለው ባዶ መንገድ ፈልጉና ከ80 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ግድም ስምንት ወይም አሥር ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አቀዝቅዙ፤ ጨርሳችሁ ግን አትቁሙ። ከዚያ ፍሬን ሳትነኩ ብዙ ደቂቃ ነድታችሁ ነፋስ አስመቷት። በጋለ ዲስክ ላይ ቆማችሁ ፔዳሉን ከያዛችሁ፣ የኋላው በዲስክ የሚሠራ ከሆነም የእጅ ፍሬን ከሳባችሁ፣ ሸራው ያለበት ቦታ ላይ ማኅተም ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ በየረገጣው መሪው ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው ዲስኩ ተጣመመ ብሎ አዲስ ይገዛል። ብዙውን ጊዜ የተጣመመ ነገር የለም፤ ሽፋኑ እኩል ስላልሆነ ነው፣ ደግሞ ማለማመድ ወይም ማስላጥ ይበቃል።

በማግስቱ መኪናዋ ቀዝቅዛ ሳለች ሁለት ነገር እዩ። የዘይቱ መጠን ከላይኛው መስመር አልወረደም? ፔዳሉስ በመጀመሪያው ረገጣ ከፍ ብሎ ይይዛል? ሁለት ጊዜ ካልረገጣችሁ የማይቆም ከሆነ ውስጥ አየር ቀርቷል፤ ያወጣውን ጋራዥ መልሳችሁ ጥሩት።